ለግብር የተሰለፈ ጭድ

ሰው በልጅነቱ የደነገጠበትን ነገር እስከ ሽበቱ ይዞት ይኖራል። አንዱ ጅብ ይፈራል፣ አንዱ መብረቅ ይፈራል። እኔ ማኅተም ያለው ወረቀት እፈራለሁ። ማኅተሙ ክብ ከሆነ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ክብም ሆኖ ሐምራዊ ከሆነ የግድ መቀመጥ አለብኝ። ይሄ ፍርሃት የአንድ መንግሥት ሥራ አይደለም፣ ማንንም አልወቅስበትም። አባቴም ይፈሩ ነበር፣ አያቴም ይፈሩ ነበር። ሌላው ሰው ከአባቱ መሬት ሲወርስ እኔ የወረስኩት ይሄንን ነው፤ ደግነቱ የሚካፈለኝ ወንድም አልነበረኝም።

እና ያን ዓመት፣ ነጋዴ በቀን ይሄን ያህል ይሸጣል ተብሎ ግብር የሚጣልበት የቀን ገቢ ግምት የሚባለው ነገር በመጣ ዓመት፣ በግንቦት ወር መጨረሻ ላይ ክብም ሐምራዊም ማኅተም ያለው ወረቀት ቤቴ መጣ። ወዲያው ተቀመጥኩ።

ከወረዳችን ከተማ ከሞላሌ ገበያ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ አንዲት የናፍጣ ወፍጮ አለችኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጎቹን ሸጦ አሮጌ ሞተር ገዝቶ ነው የተከላት። እሱ ሲያርፍ ሰዉ ሁሉ «ሴት ሞተር አታስነሳም፣ ትሽጠው» አለኝ። እውነትም እፈራት ነበር፤ ስትነሳ እንደ ተቆጣ ወይፈን ነው የምታጓራው። ግን ትዕግሥት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችኝ። የምትማርበት ደብተር ከየት ይመጣል? ዓይኔን ጨፍኜ፣ ማርያምን ጠርቼ፣ የማስነሻውን ብረት አዞርኩት። ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማስነሳት፤ ገልጬ ብሞክር እንቢ ትላለች። ትዕግሥት ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ነርስነት ትማር ነበር። የቤት ኪራይዋም፣ ሳሙናዋም፣ የምትጽፍበት እስክሪብቶም ከዚችው ወፍጮ ነው የሚወጣው። ወፍጮዋ አቆመች ማለት ትዕግሥት ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች ማለት ነው። ነገሩ ይሄው ነው፤ ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነው።

የናፍጣን ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ሆዴ ያብጣል። ናፍጣ በጨመረ ቁጥር ሰዉ የሚጣላው ከእኔ ጋር ነው። ሬዲዮው አንድ ጊዜ ተናግሮ ዝም ይላል፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ በር ላይ ቆሜ «ኧረ እኔ አይደለሁም» ስል እኖራለሁ። አንድ ቀን ናፍጣ የሚሸጥልኝ የሞላሌ ሰው ከዋጋው ላይ ለመንግሥት የሚቆረጥ እንዳለ፣ ከእሱም ለመንገድ ጥገና የሚውል እንዳለ አጫወተኝ።

«ለመንገድ?» አልኩት።

«አዎ፤ መኪና መንገድ ያበላሽ የለ?»

እናንተዬ! የእኔ ወፍጮ ከተተከለች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በአራት ብሎን ከሲሚንቶ ጋር ተጣብቃ አንድ ስንዝር ሄዳ አታውቅም። የትኛውን መንገድ አበላሸች? ናፍጣዋን የምታመጣላት እንኳ አህያ ናት፤ አህያዋም በአቋራጭ ነው የምትመጣው። ደግሞስ አንዲት ቁና ገብስ በጉልበቷ ላይ ይዛ ወረፋ የምትጠብቅ ባልቴትና በፒክአፕ የሚንፈላሰስ ነጋዴ ያንኑ ቁራጭ እኩል የሚከፍሉት እንዴት ነው? እስከዚህ ድረስ አሰብኩና ፈራሁ፣ ማሰቡን ተውኩት። ደሃ ነገሩን እስከ መጨረሻው ካሰበው ራሱን ያዞረዋል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ፊደል በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቆጥሬአለሁ፤ ግን የመንግሥት ፊደል ሌላ ነው፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያልቅ ይሄዳል። ስለዚህ ይዤ ወደ አበልጄ ሄድኩ። አበልጄ አቶ ሽብሩ የትዕግሥት የክርስትና አባት ናቸው፤ በዚያ ላይ የቀበሌው ምክር ቤት አባል፣ ማለትም የሕዝብ ተወካያችን ናቸው። ስብሰባ ካለ ከጋቢያቸው በላይ ኮት ይደርባሉ፤ ከሌለ ከኮቱ በላይ ጋቢ። እንደሳቸው ያለ ደግ ሰው እንዳላየሁ አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ የምላቸውን ስትሰሙ እንዳትታዘቡኝ።

ወረቀቱን ከርቀት ይዘው አነበቡና «ሐሙስ ከወረዳ ሰዎች ይመጣሉ» አሉኝ።

«ምን ሊያደርጉ?»

«ወፍጮሽን ሊያዩ፤ ጥናት ነው።»

እስከዚያ ድረስ ግብር ማለት በዓመት አንድ ጊዜ ሄደን፣ የተባልነውን ከፍለን፣ ደረሰኛችንን በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን የምንመለስበት ነገር ነበር። ሰው ቤት ድረስ መጥቶ አያውቅም። እና በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ለሁለታችንም የገባን «ይመጣሉ» የሚለው ብቻ ነው።

«ሐሙስ ማን ያስፈጫል?» አሉ አበልጄ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ። «ግንቦት ነው፤ የሰዉ ጎተራ ወለሉ ታይቷል። ሐሙስ እኮ አንቺና ድመትሽ ብቻችሁን ነው የምትውሉት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እንግዳ ከወረዳ ድረስ በእግሩ መጥቶ፣ አንቺ ድመት ስታሻሺ ሊያገኝሽ? የቀበሌያችን ስም ምን ይሆናል?»

በእኛ አገር እንግዳ ባዶ ቤት አይታይበትም። ለሠርግ ብርጭቆ እንዋዋሳለን፣ ለተዝካር ድስት፣ ለእንግዳ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና። እናቴና ጎረቤቷ ለሁለት አንዲት ደህና ባና ነበረቻቸው። አንድ ጊዜ ከጓሳ ማዶ የመጡ አንድ ቄስ በሁለቱም ቤት ተጋበዙ፤ ባናዋ በጓሮ ዞራ ቀድማቸው ደረሰች። ቄሱ በሁለተኛው ቤት ዳሰስ አደረጓትና «የዚህ አገር ሴቶች አፈታተላችሁ አንድ ነው» ብለው መረቁ። እኔ ያደግሁት እንዲህ ባለ ቤት ነው። አበልጄ «ተይው፣ እኔ አለሁ» ሲሉኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ወፍጮ ቤቴን ስከፍት ደጁ ገበያ ሆኗል። ሰፈሩ በሙሉ ማዳበሪያ ማዳበሪያውን ተሸክሞ፣ በአህያ ጭኖ ተሰልፏል። «ገብስ ከየት አመጣችሁ?» ብዬ አንዱን ማዳበሪያ ስነካው ተንሿሿ። ጭድ ነው። ከላይ ከላይ አንዳንድ ጣሳ ገብስ ነስንሰውበታል፤ ከሥሩ ድፍን ጭድ።

«አበልጅ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ብድር ነው» አሉኝ ኮታቸውን እያስተካከሉ። «ሰው አክብሮሽ ነው፤ አመስግኚ።»

ሰዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። የሚጽፈው አንዱ ነበር፤ ቀይ ሹራብ የለበሰ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ፊቱ የማይከፋ ሰው። ዓይኔን ጨፍኜ ሞተሯን አስነሳሁ። የሚፈጭ ግን የለም! ወፍጮ በባዶ ከሮጠ ድንጋዩ እርስ በርሱ ይበላላል፤ ስለዚህ የራሴን አንድ ቁና ገብስ ጨመርኩ። አለቀ። ያንኑ ዱቄት መልሼ ጨመርኩ። አለቀ። መልሼ ጨመርኩ። አራተኛው ላይ ዱቄቱ ከመላሙ የተነሳ መሬት ማረፍ ትቶ እንደ ጉም ቤቱ ውስጥ ቆመ። ቀይ ሹራቡ ነጭ ሆነ። «ጥራት አለው» አለ እያስነጠሰ፤ ጻፈ።

ውጪ ደግሞ ሰዉ ጨዋታውን ረሳው። ሁለት ጎልማሶች «ተራዬ ነው»፣ «እኔ ቀድሜሃለሁ» ተባብለው ጀመሩ፤ መጀመሪያ ለይምሰል ነበር፣ በኋላ የአባት መሬት ተነሳ፣ ከዚያ በቃ ዱላ ተማዘዙ። በጭድ! እኔ መሃል ገባሁ። ሰውየው ጻፈ። አንዲት አህያ ደግሞ ከፊት ባለው ማዳበሪያ ላይ ቀዳዳ አግኝታ ጭዱን እየመዘዘች መብላት ጀመረች፤ ነጠላዬን ዘርግቼ እሷን እንደ ንግሥት ከልዬ ቆምኩ። በመጨረሻ ሰውየው አንዲት እናት ማዳበሪያ ሊያነሱ ሲያጎነብሱ አይቶ አዘነላቸው። «ይተዉ እናቴ፣ እኔ ላንሳው» ብሎ ኩንታል ሊያነሳ ጉልበቱን አስተካክሎ ብድግ ሲያደርገው፣ ማዳበሪያው ከራሱ በላይ ሄደ። ሕዝቡ ግን በአንድ አፍ «አይ ጉልበት! አይ ጎበዝ! እናትህ ገብስ ነው ያበላችህ!» አለ። ሰውየው ክንዱን አየ፤ እኔ እምላለሁ፣ ደስ አለው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አበልጄ «አኮራሽን» አሉኝ። እኔም ኮራሁ። ሞኝ የሚኮራው እስኪነጋ ነው።

በሐምሌ ሁለተኛው ወረቀት መጣ። በቀን ትሸጫለሽ ብለው የገመቱትን ቁጥር አልነግራችሁም። የመንዝ ገብስ በሙሉ፣ የመርሐቤቴን ማሽላ ጨምሮ፣ ሌሊትና ቀን በእኔ ወፍጮ ቢያልፍ እንኳ ያን ያህል አልሸጥም። ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ፤ መነሳት አቃተኝ። በዓይኔ የሚመጣብኝ ትዕግሥት ሻንጣዋን በራሷ ተሸክማ ከአውቶቡስ ስትወርድ ነው። ሻንጣዋ ደግሞ መዝጊያው የተበጠሰ ነው፤ በገመድ ነው የታሰረው።

ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ ሞላሌ ተቀምጧል ተባለ። አበልጄን ይዤ በዝናብ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አስጠናኋቸው። «አበልጅ፣ ‹ደሃ ናት፣ ወፍጮዋ አብዛኛውን ቀን ቆማ ነው የምትውለው› ይበሉልኝ፤ ሌላ አይጨምሩ።» «ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ።

አዳራሹ ሞልቷል። ሰብሳቢዋ ረጋ ያሉ፣ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው፤ በአንገታቸው ላይ ሻርፕ ጣል አድርገዋል። ያ ቀይ ሹራብም አጠገባቸው አለ። ስሜ ሲጠራ አበልጄ ብድግ አሉ።

«እኔ የሕዝብ ተወካይ ነኝ፤ የዚችም ሴት አበልጅ ነኝ» ብለው ጀመሩ። ሕዝቡን ቃኙ። ከዚያ ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ ደረታቸው ተነፋ። «ይህች ሴት ማለት የቀበሌያችን ምሰሶ ናት! ባሏ ሲሞት ሞተር በክንዷ ያስነሳች! በእሷ ዱቄት ያልጠገበ ልጅ ካለ ይምጣ! ቤቷ ሰው ባዶውን ተመልሶ አያውቅም!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ አቶ ሽብሩ፣ ቅሬታው ምንድን ነው?»

አበልጄ ኮታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ሰብሳቢዋ «ወፍጮው ሥራ እንደሚፈታ የሚያውቅ ምስክር ይዛችሁ በሳምንት ተመለሱ» አሉን።

በመንገድ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ነው ምላሴ የተፈታው።

«አበልጅ፣ ምን በድዬዎት ነው?»

«ምን አጠፋሁ? ወከልኩሽ እኮ!»

«‹ደሃ ናት› ይበሉ አላልኩም?»

ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በዚያ ሁሉ ባዕድ ፊት? የልጅሽ የክርስትና አባት ሆኜ ‹ደሃ ናት› ብዬ ላዋርድሽ? አፌ ቢቆረጥ አይሻለኝም?»

ምን ይባላል? እንኳን እኔ፣ እግዜርም ይቸገራል። ሰው ጠላት ወክሎት ሲጎዳ ያማርራል፤ እኔን የወከለኝ የሚወደኝ ሰው ነው። ከዚያ ሰፈሩን በሙሉ አዳረስኩ፤ የሚመሰክርልኝ አጣሁ። «አንቺን? ደሃ ናት ብለን? ምን ቆርጦን!» ይሉኛል። ሴቶቹ ጭራሽ «እንዲህ ያለ ነገር እንዳትናገሪ፣ ለትዕግሥት ትዳር ጥሩ አይደለም» ብለው ይመክሩኛል።

በሦስተኛው ቀን በአጥሬ ሥር እያለቀስኩ ቆሜ ሳለ ከማዶ ሳል ሰማሁ። እትዬ ዘነቡ ናት። ቤቷ ከወፍጮዬ ሠላሳ እርምጃ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት የሞተሬ ጭስ አዲስ አጥባ ያሰጣችውን ጋቢ አጥቁሮባት፣ «የአንቺን ዱቄት ከምበላ አፈር ልብላ» ብላ ምላ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገብሷን ተሸክማ ሞላሌ ድረስ ሄዳ ነው የምታስፈጨው። በበሬ ስታልፍ ሆን ብላ ትስላለች። ከአጥር በላይ የምታወርድብኝን ስድብ ብጽፈው ቄስ ይጠራ ነበር። በዚያች ቅጽበት አሰብኩ፦ በዚህ ቀበሌ ስለ እኔ እውነቱን ለመናገር የማይከብደው አንድ ሰው ቢኖር ይህች ሴት ናት።

ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«እትዬ ዘነቡ፣ ልለምንሽ ነው የመጣሁት።»

በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። «ምንድን ነው የምትለምኚው?»

«እንድትሰድቢኝ።»

በሩ ትንሽ ሰፋ። ነገሩን ነገርኳት። «ሰባት ዓመት በአጥር ላይ ሰድበሽኛል፤ የሰማንሽ እኔና ንፋሱ ብቻ ነን። አሁን በአዳራሽ፣ በወንበር የተቀመጠ ሰው እየሰማ ነው የምትሰድቢኝ።»

«ይጻፋል?»

«በማኅተም።»

መቀነቷን አጠበቀች። «መቼ ነው?» አለች።

እትዬ ዘነቡ አዳራሹ ውስጥ ስትቆም እንደዚያ ቀን አምራ አላየኋትም። ነጭ በነጭ ለብሳለች። «ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?» አሏት ሰብሳቢዋ።

«ማወቅ ብቻ! ሰባት ዓመት ሙሉ ሳላናግራት ነው የማውቃት።»

«ወፍጮዋ ምን ያህል ይሠራል?»

«ያ ወፍጮ በጮኸ ቁጥር ራሴን ያመኛል። ሰኞ አላመመኝም። ማክሰኞ እስከ ቀትር አመመኝ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ጤና ነኝ። ቅዳሜ ያመኛል። እሑድ እግዜርም እሷም ያርፋሉ። ከፋሲካ ወዲህማ እንዲያው ደህና ነኝ፤ ጤናዬ ነው ምስክሩ። ሌላ ሰው ይቆጥራል? እኔ ነኝ እንጂ እየተቃጠልኩ የምቆጥረው! ደግሞ ዱቄቷ ጠጠር አለው ይባላል። ቤቷ ሲዘንብ ከውጪ ይልቅ ውስጡ ነው የሚዘንበው። ጫማዋን እዩት፤ እኔ ብሆን አድርጌው አልወጣም። ነጋዴ ናት ከተባለ የእኔ ዶሮም ባለ ሱቅ ናት!»

እኔ ራሴን ደፍቼ «ተባረኪ፣ ተባረኪ» እላለሁ በሆዴ። እንዲህ ያለ ጥብቅና ከተማም አይገኝ። ያ ቀይ ሹራብ ግን እጁን አወጣ። «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። በር ላይ ከሃያ በላይ ማዳበሪያ ተሰልፎ ነበር፤ አንዱን አንስቻለሁ።»

«እሱማ ጭድ ነበር!» አለች እትዬ ዘነቡ።

ለመንግሥት ሐሰት ማሳየት ስንት ዓመት ያሳስር ይሆን እያልኩ ወንበሩን ጨበጥኩ። ሰውየው ወደ ክንዱ አየ። ፊቱ እንደ ሹራቡ ሆነ። ሰብሳቢዋ በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ቆይተው ድምፃቸውን አስተካከሉና «አቶ ሽብሩ፣ እውነት ነው?» አሉ።

አበልጄ ቀስ ብለው ተነሡ። ኮታቸውን አወለቁና በክንዳቸው ያዙ። «እውነት ነው። ሐሳቡ የእኔ ነው፣ የሚታሰር ካለ እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም።»

«ለምን አደረጋችሁት?»

«እንግዳ ነበራችኋ» አሉ አበልጄ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅ መሆኑ ራሱ እየገረማቸው።

ቀይ ሹራቡ በንዴት ተነሳ። «እኛ እንግዳ አይደለንም፤ መንግሥት ነን! ሕዝቡ የመረጠን የሕዝቡ መንግሥት ነን! እንዴት ከእኛ ትደብቃላችሁ?»

ያን ጊዜ ምን እንዳነሳኝ አላውቅም። እኔ፣ ክብ ማኅተም ሳይ የምቀመጠው ሴት፣ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። እስከዚያ ድረስ «ጌታዬ» ነበር የምለው፤ ያን ቀን ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«የለም ልጄ፣ እንግዳማ ናችሁ። እንግዳ ስለሆናችሁ ነው የተሸፈነላችሁ። የቤታችን ሰው ብትሆኑ ኖሮ ባዶውን ባሳየናችሁ ነበር። ለዘመዴ ጭድ አላሰልፍም፤ ‹ና ጎተራዬን እየው› ነው የምለው። ልጄ ደብረ ብርሃን ትማራለች። ይሄንን ከፍዬ ወፍጮዬን እዘጋለሁ፤ ብዘጋ ትመለሳለች። ግብር አልከፍልም አላልኩም። ያለኝን አይታችሁ፣ ካለኝ ላይ ውሰዱ ነው የምለው።»

ተቀመጥኩ፤ ማለት ወደቅሁ። ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከኋላ «እውነት ነው» ሲሉ ተሰማኝ። ሰብሳቢዋ ወደ ቀይ ሹራቡ ዞሩ። «እንደገና ሂድ። ቀኑን ሳትነግራቸው ሂድ። ያየኸውን ብቻ ጽፈህ ና።»

አሁን ያለቀ መሰላችሁ? የእኛን ሰው አታውቁትም። ወሬው ሰፈር በደረሰ በነጋታው ወፍጮዬ ደጅ ዝር የሚል ጠፋ። ሰኞ የለም። ማክሰኞም ሆነ ቅዳሜ፣ የወትሮዎቹ እንኳ የሉም። ገብሳቸውን በጓሮ አዙረው ሞላሌ ይወስዳሉ፤ የማይችሉት ቆሎና ንፍሮ እየበሉ ይሰነብታሉ። «ኧረ አምጡ!» እላለሁ በየበሩ እየዞርኩ። «የለም፤ ሰውየው ድንገት ቢመጣ እንዳንጎዳሽ» ይሉኛል። በፊት በጭድ ሊያከብሩኝ ሞሉብኝ፤ አሁን ገብሳቸውን ነፍገው ሊያድኑኝ ባዶ አደረጉኝ። ትዕግሥት የቤት ኪራይዋ ደርሶ ስልክ ስትደውል «ደህና ነን፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኳት። እናንተው ፍረዱ፤ ለራሴ ልጅም ጭድ አሰለፍኩ።

ሰውየው የመጣው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ሹራቡ ያው ቀዩ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል፣ ብቻውን ነው። ልነሳና ልጠርግ፣ ቢያንስ ደህናውን ነጠላ ላድርግ አልኩና በአዳራሹ የተናገርኩት ቃል ትዝ አለኝ። ባለሁበት ሆኜ «ግባ ልጄ» አልኩት። የሚቀመጥበት ስላልነበረ በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። ያለኝ በሶ ነበር፣ በውኃ በጥብጬ ሰጠሁት፤ ይቅርታ አልጠየቅሁበትም። ጠጣው። ወረቀቱን አውጥቶ ባዶውን ቤት ዞሮ አየ። በጣሪያው ቀዳዳ በኩል ጠብ ጠብ የሚለውን አየ። እኔም አየሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴን ከእንግዳ ጋር ሆኜ ሳየው በእውነት ባዶ ነው።

«ዛሬ ማንም አልመጣም?» አለ።

«ማንም።»

እስክሪብቶውን ከፈተ። ግምቱ በኋላ ተቀንሷል፤ ደስ እስኪለኝ ባይሆን እስክተነፍስ ድረስ። ያን ሰዓት ግን ይሄንን አላውቅም። የማውቀው በዚያ ወረቀት ላይ «የለም» ብሎ ሊጽፍ መሆኑን ነው፤ ያች ቃል ትጻፍ እንጂ ትዕግሥት ትምህርቷን ትጨርሳለች። እስክሪብቶውን እያየሁ ስጠብቅ በሩ ጨለመ።

እትዬ ዘነቡ ናት። ከነማዳበሪያዋ።

ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ማዳበሪያውን ከጀርባዋ ዱብ አደረገችው፤ የወደቀበት ድምፅ የጭድ አይደለም። «ትፈጫለሽ?» አለችኝ፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል። «ዝናቡ ነው፣ ሞላሌ መሄድ አቅቶኝ ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ፍጪልኝ።»

በምድር ላይ ካሉ ቀኖች ሁሉ፣ ከሰዓቱም ሁሉ! ሰውየው እስክሪብቶውን አንስቶ እኔን ያያል። «እትዬ ዘነቡ፣ ነገ ብትመጪስ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። አንድ ቀን ነው፤ ምን ይጎዳታል? እሷ ግን በሰባት ዓመት መሐላዋ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋ ውኃ እያንጠባጠበ፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ትጠብቀኛለች። ዛሬ ብመልሳት፣ ይህች ሴት እኔን ልትሰድብ እንኳ ዳግም በሬን አታልፍም።

የማስነሻውን ብረት አነሳሁ። እንደ ወትሮዬ ዓይኔን ጨፈንኩና አዞርኩት። ሞተሯ አጓራች፤ ቤቱ በጭስ ተሞላ፤ እትዬ ዘነቡ አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ ግን አልወጣችም። ሰውየው የሆነ ነገር ሊጠይቀኝ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁ፤ አልሰማሁትም። ገብሱን እየጨመርኩ በሞተሩ ላይ ጮህኩበት፦

«ጻፍ ልጄ፤ አንድ! ማክሰኞና ቅዳሜም ይመጣሉ፤ እሱንም ጻፈው!»